እማማ ጭልፋና የተዘፈዘፈው ባቄላ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው የትምህርት ቤታችን ምግብ አብሳይ፣ ትልቅ ትንሹ «እማማ ጭልፋ» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እህቴ፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወለዱ። ዘመኑን በተመለከተ አንደኛዋ አክስታችን የድርቁ ዓመት ነው ሲሉ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ጎርፍ ድልድዩን የወሰደበት ነው ስላሉ፣ አክስቶቻችንን ከማጣላት መካከሉን ይዘን፣ መጠነኛ ዝናብ በጣለበት ዓመት ተወለዱ ብለናል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም ይህን ከማነብላችሁ ከእኔ ጋር፣ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው መማር ጀመሩ። ወንድማቸው ግን ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፍቶ፣ ጣራው እስኪነሣ እያንኮራፋ ስለሚተኛ፣ መምህሩ «ግንበኛው አባትህ አንዱን ድንጋይ አንገትህ ላይ ረስቶታል» ብለው ሁለተኛ ክፍልን ሳይጨርስ አሰናበቱት። በቤታችን ቁርስን በስሙ ብቻ እንደምናውቀው መምህሩ አልጠየቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም። ድንጋይነቴን እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ እኔም ራሴ አምነን ስንቀበል፣ እሺ ያላሉት እህቴ ብቻ ነበሩ።

ካደጉም በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ከዴስኩ ላይ የሚያብሱት ቀለም ሳይሆን የተኙ ልጆች ለሀጭ መሆኑን ስላዩ፣ ርእሰ መምህሩን አሮጌውን የዕቃ ግምጃ ቤት እስኪሰጧቸው ድረስ ነዝንዘው ኩሽና አደረጉት፤ ጥጃ ቢገባበት ዋኝቶ ዳር የማይደርስበትን ድስትም ጣዱ። የኩሽናውን በር ሊጠግኑ የመጡት አናጢ አንዱን በር ለመጠገን ሦስት ወር ስለ ፈጀባቸው፣ ነገሩ በትዳር ተቋጨ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ነፍሳቸውን ይማርና አናጢው የሠሩት ረጅም አግዳሚ ወንበር እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

አንድ ጊዜ እማማ ጭልፋ ታመው ሁለት ሳምንት በተኙ ጊዜ፣ ኩሽናው ተዘጋ፤ ልጆቹም ሰሌዳው ይወዛወዛል ማለት ጀመሩ። ርእሰ መምህሩ ግራ ገብቷቸው ሰሌዳውን አስቀቡት፤ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩት፤ በመጨረሻም የዓይን ሐኪም ጠሩ። ሐኪሙ ልጆቹ ማዶ ተራራ ላይ ያለችውን ጉንዳን ወንድ ትሁን ሴት የሚለይ ዓይን እንዳላቸው አረጋግጠው፣ አንዷን ልጅ ጠዋት ምን እንደ በላች ቢጠይቋት፣ ባዶ ሳህኗን አውጥታ አሳየቻቸው። ይህን የሰሙት እማማ ጭልፋ ከአልጋቸው ተነሥተው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳ፣ በሌላው ጭልፋ ይዘው ባቄላውን በካሮትና በጎመን ቀቀሉ፤ ሰሌዳውም በማግስቱ መወዛወዙን ተወ። ርእሰ መምህሩ ግን እስከ ዛሬ ለእንግዳ የሚያሳዩት ቀለሙን ነው።

ወንድማቸውንም በሃምሳ ዓመቱ ከዚያ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው፣ መጀመሪያ አብልተው፣ ቀጥለው ፊደል አስቆጠሩት። ባቄላ በየት በኩል ዞሮ ፊደል እንደሚሆን ሐኪሙ ስለ ደም፣ አንዲት የትምህርት ቤቱ መምህርት ደግሞ ስለ ልብ ማረፍ አስረድተውኛል፤ አልገባኝም። ይህን ወረቀት ግን ማንም ሳያግዘኝ እያነበብሁላችሁ ነው፤ ይህም ራሱ አልገባኝም።

እማማ ጭልፋ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው፣ ትናንት ጠዋት ልብስ ሰፊዋን ልጃቸውን ጠርተው «ባቄላውን ዘፍዝፊው፤ የነገ ነው» አሏት፤ ከሰዓት በኋላም ዐረፉ። ልጅም በእንባ መለኪያው ጠፍቶባት አንድ በርሜል ሙሉ ዘፈዘፈች። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ለክብራቸው ሲሉ ኩሽናውን ቆልፈው፣ ወደፊት የዕቃ ግምጃ ቤት ይሁን አይሁን በስብሰባ እንደሚታይ ነገሩን። ግማሻችን በቀብር ቀን ድስት መጣድ ነውር ነው አልን፤ ግማሻችን የሟች ቃል መጣል ነው ነውሩ አልን፤ እኔ በሁለቱም በኩል ሆኜ ስጮህ አመሸሁ።

አሁን ከወረቀቱ ቀና ብዬ ዘወር ስል ግን ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ ልጆቹን በቁመት ተሰልፈው አየሁ። ለቁርስ እንዳይመጡ የነገራቸው ስላልነበረ፣ እያንዳንዳቸው ሳህናቸውን ይዘዋል።

እማማ ጭልፋ አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንድ ድንጋይ ራስ ወንድም፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎችና አንድ በርሜል የተዘፈዘፈ ባቄላ ትተው አልፈዋል። ባቄላ ስብሰባ አይጠብቅም፤ ነገ ይሸታል። ስለዚህ ርእሰ መምህር ሆይ፣ በኪስዎ ያለውን ቁልፍ አፈሩ ሳይመለስ ለልጃቸው ይስጡልን፤ ለቅሶውንም ከአግዳሚው ላይ፣ ካሮት እየላጥን እንቀመጣለን።

ሲመግቡ የኖሩትን እህታችንን ፈጣሪ ከማይራብበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። ልጆች፣ ሰልፋችሁን እንዳታፈርሱ።