ጋሼ በሩ ሁለተኛ ወርክሾፕ ሊከፍቱ

እውነተኛ ስማቸው ከተረሳ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የብረት በርና መስኮት ሲሠሩ ስለኖሩ ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሼ በሩ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጋሼ በሩ የሚያማቸውን ጉልበት እንኳ ረስተው እየተንደረደሩ ይሄዱ ነበር። ከከተማው ወዲያ ማዶ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መኪና ጭነት እንደያዘ የሚያስገባ ሰፊ ቤት አግኝተው ውል ሊፈርሙ መሄዳቸው ነው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቷ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ የአንድ ክፍል ኃላፊ። የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር።

«አጎቴ! ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ አጊጠዋል?»

«ከሙሽራም በላይ ነኝ! ሁለተኛ ወርክሾፕ ልከፍት ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ሃያ አራት በር አዞኛል፤ ከማዶ ድረስ እየመጣ የሚያዘኝ ሰውም በዝቷል። ታዲያ እሱ ከሚደክም እኔ ብሄድለትስ?»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት። እዚያኛውን ማን ያሠራዋል?»

«እኔ ነኛ!»

«ይኼኛውንስ?»

«እኔው!»

«ስንት ነዎት አጎቴ?»

ጋሼ በሩ ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስልካቸው ጮኸ። በያጁ ነው፤ ከሰላምታ በቀር ብዙ ስለማይናገር «ዝምታ» ይሉታል። የበሩ ማጠፊያ በቀኝ ነው በግራ? በግራ ነው። ዘጉት። ቀለም ቀቢው ደወለ፤ ግራጫ ነው አረንጓዴ? ቆራጧ ደወለች። ይቺ ሴት ብረት ቆራጭ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ቃሏም ስለት ስለሆነ ነው «ቆራጧ» የተባለችው። የመስኮቱ ስፋት ስንት ነበር? አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ስልኩ አምስት ጊዜ ጮኸ።

«አየሽ?» አሉ ጋሼ በሩ ደረታቸውን ነፍተው፤ «ያለ እኔ አንዲት ብረት አትቆረጥም!»

«አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ይኼ የሚያኮራ ነው የሚያሳስብ?»

«ምን ያሳስባል? ሥራ በእጅና በዓይን ነው። ወረቀት በር ሆኖ አያውቅም። ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነው» ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ግንባርዎ ግን አንድ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይሉን አልነበር?»

«እሱ ለሰነፍ የተተረተ ነው።»

«እሺ። በእኔ ክፍል ሠላሳ አልጋ አለ። እኔ ይኸው ከእርስዎ ጋር ቆሜ አወራለሁ፤ በሽተኞቹ ግን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው። ለማን ምን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሰጠ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚጠበቅ እያንዳንዱ አልጋ ላይ ተጽፏል። የተረከበችኝ ነርስ አንድ ጊዜ ደወለችልኝ?»

«በር በሽተኛ አይደለም!»

«እንግዲያው እንፈትነው። ሦስት ቀን እናቴ ቤት ይቀመጡ፤ ጉልበትዎም ይረፍ። ስልክዎን ዘግቼ እኔ እይዘዋለሁ። ሥራው እንደ ወትሮው ከሄደ የአዲሱን ወርክሾፕ ወለል ተንበርክኬ አጥባለሁ።»

ጋሼ በሩ ውርርድ ይወዳሉ። «ውሃውን አሙቂ!» አሉና ስልካቸውን አስረከቧት። ለቤቱ ባለቤትም ውሉን በአራተኛው ቀን እንደሚፈርሙ ላኩበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። መስፋፋትን የመሰለ መልካም ነገር የለም፤ ዳሩ ግን ሥራ ሲበዛ ያለው ሁሉ አብሮ ይበዛል፤ ትርፉም፣ ዝናውም፣ ግርግሩም። አንድ ቤት ውስጥ በሩጫ የሚሸፈን ጉድለት፣ ሁለት ቤት ሲሆን ሯጭ ያጣል።

ጋሼ በሩ በእህታቸው ቤት ሦስት ቀን ተቀመጡ ማለት ውሸት ነው። ሲጢጥ የማይለውን የግቢ በር ዘይት ቀቡት፣ የሚዘጋውን መስኮት ዘጉት ከፈቱት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልካቸውን ተረክበው ወደ ወርክሾፓቸው በረሩ።

ስድስት የትምህርት ቤት በሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ብየዳቸው እንደ መስታወት ያምራል። ሁሉም ግን ወደ ውስጥ እንዲከፈቱ ነበር የተሠሩት። ዳይሬክተሯ አደጋ ቢመጣ ልጆቹ ገፍተው እንዲወጡ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱ ብላ ጋሼ በሩን ሁለት ጊዜ ለምናቸው ነበር። ቀለም ቀቢው ቀለሙን የሚነግረው አጥቶ ብሩሹን ሲያጥብ ከርሟል። ሌላ ደንበኛ ያዘዛቸው መስኮቶች ደግሞ በባለፈው ደንበኛ ልክ ተቆርጠዋል።

«ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ብቻ ዞር ብል ቤቴን አፈረሳችሁት?» ብለው ጮኹ።

ዝምታ አንገቱን ደፋ። ቆራጧ ግን ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ወደ ውጭ ይከፈት የሚለው የት ተጽፎ ነበር?»

«ለእኔ ነግራኛለች!»

«እርስዎ የሉማ! ስምንት ዓመት ሠራሁ። እስከ ዛሬ የማውቀው እርስዎን እንጂ ሥራውን አይደለም። ሌላ ቤት ጠርተውኛል፤ እዚያ ቢያንስ ምን እንደምቆርጥ ይነገረኛል። በዚህ ሳምንት መጨረሻ እሄዳለሁ።»

ጋሼ በሩ ብረቱን ነካ ነካ አደረጉና አንድ ጣውላ ላይ ቁጭ አሉ። እንዲያ የሚያምር ብየዳ ሊፈርስ ነው። ያቺ የቆራጧ እጅ ልትሄድባቸው ነው። ይኼ ሁሉ ደግሞ ማንም ሰንፎ አይደለም።

«አንድ ወር ስጪኝ» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «ካልተለወጠ ዕቃሽን ተሸክሜ እኔው እሸኝሻለሁ።»

ለቤቱ ባለቤት ደውለው ቤቱን ለሌላ እንዲያከራይ ነገሩት። ቀጥለው ለነርሷ ደወሉላትና «ልጄ፣ ያንን የአልጋ ወረቀት ይዘሽ ነይ» አሏት።

እሁድ አራቱም ሠራተኛና ጌታ ሳይባባሉ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ፤ ነርሷ አምስተኛ ሆነች። ለእያንዳንዱ በር አንድ ካርድ ተሠራ፤ በሽቦ ከበሩ ጋር የሚታሰር። ልኩ፣ ወዴት እንደሚከፈት፣ ማጠፊያው በየት እንደሆነ፣ ቀለሙ፣ የሚሰጥበት ቀን፣ ማን እንደቆረጠ፣ ማን እንደበየደ፣ ማን እንዳየው። ካርዱ ካልሞላ ብረት አይቆረጥም።

«ጥሩ ብየዳን በምን ያውቁታል?» ስትል ነርሷ ጠየቀች።

«በድምፁ ነዋ! መታ ሳደርገው ይነግረኛል።»

«ድምፁን ይጻፉልኝ።»

«ድምፅ ይጻፋል እንዴ ልጄ?»

ያን ጊዜ ዝምታ ተናገረ። «ይጻፋል። አራቱን ማዕዘን በመዶሻ እጀታ ምታ፤ እንደ ደወል ከጠራ አሳልፈው፤ እንደ ቆርቆሮ ከተንቋቋ መልሰው።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ጋሼ በሩ ሠላሳ ዓመት የተሸከሙት ነገር በሁለት መስመር ሲያልቅ ሰምተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይኼን ሁሉ ታውቅ ነበር?» አሉት። «ጠይቀውኝ አያውቁም» አለ።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ቤቱ የገበያ ቀን መሰለ! አንዱ ሲናገር ሌላው ይቀማዋል፣ ቀለም ቀቢው ግድግዳው ላይ የሥራውን ቅደም ተከተል በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። ቆራጧ የወርክሾፑ ኃላፊ ተባለች፤ ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሷ፣ እሷ ያልፈታችው ብቻ ወደ ጋሼ።

ቀላል ነበር አይባልም። ጋሼ በሩ ምላሳቸው እየበላቸው በሰው ሥራ ጥልቅ ይሉ ነበር፤ ቆራጧም «ካርዱን ያንብቡ ጋሼ» እያለች ትመልሳቸዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቆራጧ የአንዱን ክፍል ካርድ ስትሞላ ልኩ ጠባብ መሆኑን አይታ ቆም አለች። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ተማሪ እንዳለ ዳይሬክተሯን ጠይቃ አረጋገጠችና በሩ ሳይቆረጥ ስፋቱ ተስተካከለ። ጋሼ በሩ ይህን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። ወሩም ሞላ፤ ስለመሄድ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሃያ አራቱ በሮች በቀናቸው ተሰጡ። ጋሼ በሩ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ሁለት ሳምንት ተኙ፤ ሥራው ግን አልተኛም። የሚፈርስ በር ጠፋ፣ ደንበኛ «መቼ ይደርሳል?» ሲል ማንኛውም ሠራተኛ ካርዱን አይቶ ይመልሳል፣ አዲስ የተቀጠረ ሰው በሳምንቱ ሥራ ይይዛል። መዋቅር የሚሉት ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ያወቀውን ሁሉም እንዲያውቀው፣ ሁሉም የሚሠራውን አንዱ እንዲጠየቅበት ማድረግ። ይህን ያሰናዳ ሰው አሥር ቤት ቢከፍት አይበዛበትም።

በዓመቱ ከከተማው ማዶ ሌላ ቤት ተገኘ፤ ከመጀመሪያው ይጠብባል፣ ግን ብርሃኑ ያምራል። የሚመራውም ዝምታ ሆነ፤ ደንበኛ ሲያነጋግር ላየው ሌላ ሰው ይመስላል። በተከፈተ ዕለት ጋሼ በሩ እንደ እንግዳ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠው ሳለ አንዲት ሴት ገብታ «አባባ፣ የእኔ በር ቀለሙ ምን ነበር?» አለቻቸው።

ጋሼ በሩ ፊታቸው በሳቅ ተጥለቀለቀ።

«አላውቅም እመቤት!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። «እግዜር ይመስገን፣ ምንም አላውቅም!»