ሰማይ ሰፊው

ግቢ፣ ግቢ የኔ ቆንጆ! በሩን ገፋ አድርጊው፣ ተቆልፎ አይደለም፤ እንጨቱ አብጦ ነው። እንዴት ዋልሽ? ልጆች ደህና? እሰይ። ወንበሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ወዲያ በይውና አረፍ በይ… ወይስ ቆመሽ እንለካው? ቆመሽ ይሻላል። ወደ መስኮቱ ዙሪ። አዎ፣ እንዲያ።

ይህቺማ እኔው የሰፋኋት ቀሚስ ናት! እሁድ ለሽልማቱ የለበስሻት። ወገቧ ጠበበሽ? ይጠብባል እንጂ! ይህን ሁሉ ክብር የጠገበ ሰው የድሮ ልብሱ ይበቃዋል? አታስቢ፣ ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ። የደንበኞቼን ዕድገት አስቀድሜ አያለሁ እኔ። እጅሽን ወደ ጎን… ስፒል በአፌ ይዤ ሳወራ አይክፋሽ። የሙያ ነገር ነው፣ አፌ ውስጥ ሹል ነገር አይጠፋም።

ጋሼስ ደህና ናቸው? ባለቤትሽን ማለቴ ነው። ጉዞው መቼ ነው? ባሕር ማዶ ተጠርተው ስለ ኦዞን ሊናገሩ ነው ሲሉ ሰማሁ። እሰየው! የሰፈር ሰው እንዲህ ከፍ ሲል የማይደሰት ማን አለ? ከፍ ይበሉ፣ ከፍ ይበሉ… ኦዞኑም ያለው እዚያው ከፍታው ላይ ነው አሉ፤ በአውሮፕላን ጠጋ ብለው ሰላም ይሉታል።

እኔማ ስለ ኦዞን የተማርኩት ከሌላ ሰው ነው። ኧረ ከባለቤትሽ አይደለም! ምነው ደነገጥሽ? ቀጥ በይ፣ ስፒሉ ይወጋሻል። አንቺ የማታውቂው ሰው ነው። እሱም ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ግን ፍሪጅ የጠገነ ሁሉ አንድ ነው እንዴ? ስሙን አልጠራም፣ ስም መጥራት ነውር ነው። ሰውየው እንበለው።

ሰውየው እንግዲህ ጎረቤታችን ነው። ከወርክሾፑ የሚለየን አንድ ግንብ ነው። አይቼው አላውቅም ብትዪኝ አልፈርድብሽም፤ አንዳንድ ሰው አጠገብ ተኝቶም አይታይም።

እንዴት ያለ ደግ ጎረቤት መሰለሽ! ጎረቤት ማለት ያለውን የሚያካፍል አይደል? እሱ ጭሱን እንኳ ለብቻው አያስቀርም። አሮጌ ፍሪጅ ሲገነጠል ከግድግዳው ውስጥ ቢጫ ስፖንጅ ይወጣል አይደል? እሱን ጓሮ ይከምረዋል። መዳቡን ሊያወጣበት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከነላስቲኩ ይጨምርበታል። ከዚያ ክብሪት። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ጠብቆ… አይ፣ እንደዚያስ አይደለም፣ ክፉ አልናገርም። ነፋሱ ነው እሱን የሚጠብቀው። ነበልባሉን ብታዪው ደግሞ አረንጓዴ ነው! ለአረንጓዴ ነገር የቆመ ሰው ነው የሚሉት ለካ ያለ ነገር አይደለም።

እሳት ከሌለ ጭስ የለም ይላል ሰው። ተረቱ ግን አላለቀም፤ ጭስ ካለ ደግሞ ሰርተፍኬት አለ። ሰውየው ስለ ኦዞን ሥልጠና ገብቶ ሰርተፍኬት ይዞ መጣ። ማሽንም ተሰጠው። ከፍሪጁ ያንን የድሮ ጋዝ መጥጦ በሲሊንደር የሚያጠራቅም፣ አየር ላይ እንዳይለቀቅ። ማሽኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወርክሾፑ መግቢያ ላይ፣ ላስቲኩ ሳይላጥ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ዳንቴሉን ሚስቱ ናት አሉ የሠራችው። እጇ ይባረክ! አበባ አበባ ነገር ጥልፍልፍ አድርጋ… እንዲህ ያለ ሴት ናት የባሏን ገመና የምትሸፍን።

ዞር በይ። ይሄ ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው? ጥላሸት! ከየት መጣ ይሄ? … እኔ እንደሆንኩ ማንንም ጥላሸት አልቀባም። ሳይቀቡት የሚመጣ ጥላሸት አለ።

ባሌን ታውቂው የለ? ጥሩምባ ነፊው። የባንዱ ልጆች «ማያልቀው» ነው የሚሉት። ወጣት ሳለ አንዷን ድምፅ ይዞ ሲነፋ ሙሽሮቹ ከበር ተነስተው ወንበራቸው ላይ እስኪቀመጡ ትንፋሹ አያልቅም ነበር። እኔም የወደድኩት በዚያ ነው፤ ወሬ አያውቅም፣ ጥሩምባ ብቻ። ዛሬ ዛሬ ጥሩምባ ሳይኖረው የሚነፋው በዝቷል… ያኔ ግን ለመንፋት መሣሪያም ሳንባም ያስፈልግ ነበር።

ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። ለመንፋት ደግሞ መሳብ ያስፈልጋል። ሳበ። ጎረቤት የሰጠውን ሁሉ ሳበ! መጀመሪያ ጉሮሮው ተከረከረ። ቀጥሎ ያቺ ረጅም ድምፅ ከመሃል መበጠስ ጀመረች። «ዕድሜ ነው» አለኝ። ከዚያ ደረጃ ሲወጣ መቆም ጀመረ። ቆም ሲል ደግሞ እንዳላፍር የጎረቤት አጥር የሚያይ ይመስላል።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ ፎቶ አስነስቶ፣ «ስንት ዓመት አጨሱ?» ይለዋል። «አንድም ቀን» አለ ባሌ። «ታዲያ ቤት ውስጥ ማን ያጨሳል?» ብሎ ወደኔ ዞረ። «ጎረቤታችን ነው» አልኩት። «ምን ዓይነት ሲጋራ?» «ፍሪጅ!» አልኩት። ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባሌ ሊስቅ ሞከረና… ሳሉ ቀደመው። ከዚያ ማናችንም አልሳቅንም። ሐኪሙ ያለው አንድ ነገር ነው፤ የተጎዳው የሳንባ ክፍል አይመለስም፣ የቀረው እንዲቆይ ከጭስ አርቁት።

እኔም ሰውየው ዘንድ ሄድኩ። ሳልጣላ። ምን ያጣላኛል? እንዴት ተቀበለኝ መሰለሽ! «እትዬ ይቀመጡ» ብሎ ከሰርተፍኬቱ ሥር ወንበር ሰጠኝ። ገና ጭስ ከማለቴ ስለ ኦዞን ያስረዳኝ ጀመር። «ኦዞን ማለት እትዬ የምድር ጃንጥላ ነው። ከፀሐይ ክፉ ጨረር ይጋርደናል። የድሮው የፍሪጅ ጋዝ ሲለቀቅ ሽቅብ ወጥቶ ይበላዋል። ያ ሲሳሳ የሰው ቆዳ ይታመማል፣ ዓይን በሞራ ይጋረዳል፣ አዝመራው ሳይቀር ይጎዳል።» እንባዬ መጣ። ከንግግሩ ይሁን ከጭሱ እንጃ።

ይህን ሲለኝ ከበስተጀርባው ሠራተኛው የፍሪጁን ቱቦ በጉጠት ቆረጠው። ፍሽሽሽሽ… ብሎ ወጣ።

«ይሄስ?» አልኩት።

«እሷ ትንሽ ናት» አለኝ። «ሽቅብ ነው የምትሄደው እትዬ፣ ማንንም አትነካም።»

«የምታቃጥሉት ጭስስ?»

«ጭስም ሽቅብ ነው። የናንተ መስኮት ግን ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ጥፋቱ የግንበኛው ነው።»

ልክ ነዋ! እኔ እኮ ሥራዬ ለሰው ልኩን መንገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን የእኔን ልክ ነገረኝ። ቤታችን ዝቅ ብሎ ቢሠራ፣ ባሌም ዝቅ ብሎ ቢተነፍስ ኖሮ ምን ይነካን ነበር?

የድሮ ሰዎች ሰማይ ቢቀደድ ሽማግሌ ይሰፋዋል ይሉ ነበር። ዕድሜ ልኬን በመርፌ የኖርኩ ነኝና ይህን ተረት ስሰማ ቅናት ቢጤ ይይዘኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ፤ የሚሰፋ ሰው ሥራ እንዳይፈታ አስቀድሞ መቅደድ አለበት። እኔ ሞኟ ተቀዶ እስኪመጣልኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ! ላም አለኝ በሰማይ ሲሉም የሚቀልዱ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ግን እውነትም በሰማይ ላም አለው፤ ወተቷንም እየጠጣ ነው።

ደግነቱ ደግሞ በዚህ አላበቃም። አቤቱታዬን ሰምቶ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አስተከለ። ደንበኞቹ ዓይናችን ተቃጠለ ብለውት ስለነበር የማውጫውን አፍ ከበሩ አዙሮ… ወዴት ያዞረው ይመስልሻል? ወደሚታገሡት ነዋ። ሰው የሚደገፈው የሚችለውን አይደል?

ባሌ አልጋ ላይ መዋሉን ሲሰማ ደግሞ ሊጠይቀው መጣ። ባዶ እጁን እንዳይመስልሽ! በቆርቆሮ የሚነፋ የቤት ሽቶ ይዞ፣ የጽጌረዳ። «ክፍሉ ትንሽ ታፍኗል» ብሎ ራሱ ነፋልን። ባሌን ሳል ያዘው፤ እስኪረጋጋ ውሃ ስሰጠው፣ ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ለመነው። ሊሸለም ነው፤ ለአየር ጥበቃ። በበዓሉ ላይ ለጎረቤት ክብር አንድ ዜማ ይንፋለት።

«አትሄድም» አልኩት ሰውየው ከወጣ በኋላ። «ጎረቤት በደስታው ቀን ጠርቶኝ እቀራለሁ?» አለኝ ባሌ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ደግሞ… አንድ ጊዜ ልሞክራት» አለ። ምን ልበለው? ሸሚዙን ተኮስኩለት። አንገቱ ሰፍቶት ነበር፣ አጠበብኩለት።

ለካ ያም ሰው የተሸለመው ባለፈው እሁድ ነው! አየሽ አጋጣሚ? ሽልማቱ በየአዳራሹ ነበር ማለት ነው። አንቺ እንግዲህ በሌላኛው አዳራሽ ከፊት ወንበር ተቀምጠሽ ይሆናል። ስለማታውቂው ልንገርሽ።

ባሌ መድረኩ ላይ ወጣ። መጀመሪያዋን ዜማ ነፋት። ከኋላ ቆሜ ነበር፤ የባንዱ ልጆች አንዱ የሌላውን ክንድ ሲይዝ አየሁ። ከዚያ ያቺ ረጅሟ ድምፅ መጣች። ያዛት። ያዛት… እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬው ሄድኩ። ተበጠሰች። ሳሉ ተነሳ፤ ጥሩምባው ደረቱ ላይ ወደቀ፤ አጎንብሶ ቀና ማለት አቃተው።

ማን ደረሰለት መሰለሽ? ሰውየው! ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፣ እቅፍ አደረገው። ያ ነው ጎረቤት! በአንድ እጁ የባሌን ትከሻ ይዞ፣ በሌላው ማይክራፎኑን አነሳ። «ክቡራንና ክቡራት፣ ይኸው! የአየር ብክለት ማለት ይህ ነው! እኔ የምታገለው ለእንዲህ ዓይነቱ ወገን ነው!» አለ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፎቶ ተነሱ። ሚስቱም እንባዋን በመሐረብ ስትጠርግ ነበር አሉ። ሩህሩህ ናት።

ባሌ ጭብጨባውን ሲሰማ ቀና አለና… እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። የለመደው ነው። ሲያጨበጭቡለት ማመስገን።

ቤት ስንገባ ጥሩምባውን አጠበው፣ በጨርቅ ወለወለው፣ በማግስቱ ለባንዱ አለቃ ላከው፤ «ለሚነፋ ሰው ስጡት» ብሎ። አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። «ሰውየው ግን ጥሩ ተናጋሪ ነው» አለኝ። እንዲህ ነው የኔ ባል፤ ቂም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ያው እኔ እሰፋለሁ፣ ቋጠሮ የሚይዘው ክሩ ነው።

እና አሁን ምን ጎደለኝ? የሌላዋ ባል ከአገር አገር ይዞራል፤ የእኔው ይኸው መጋረጃው ጀርባ ነው። ቆይ እኔ ዝም ልበል… ሰማሽ? ያቺ ፉጨት የምትመስለው። እሱ ነው። አሁን በእሷ ነው የምሠራው፤ ጸጥ ስትል መርፌው በእጄ እንዳለ እጠብቃለሁ፣ ስትመለስ እቀጥላለሁ።

በይ አውልቂው፣ ስፒሉ እንዳይቧጭርሽ ቀስ ብለሽ። ነገ ይደርስልሻል። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የዚያን ሰውዬ ወሬ ግን እንዳትነግሪያቸው፣ ሳያውቁት ይቀየሙታል። በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱ። ዕድሜ ከጤና… አይ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ረጅም ዕድሜ።

አንቺንም የኔ ቆንጆ፣ እግዜር እንደኔ ያድርግሽ። ባለቤትሽን ከቤት የማይወጡ፣ ሌላ ዘንድ ቀርቶ ደጃፍ ድረስ የማይርቁሽ ያድርግልሽ። ሌላ ድምፅ ሳያሻሽ ትንፋሻቸውን ብቻ እያዳመጥሽ ከጎናቸው አርጂ።

ምነው? አሜን በይ እንጂ!