ሰባ አራት የጺም ሳሙናና አንድ የቆመ ፋን

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እትዬ ጠራዧ፣ የማተሚያ ቤታችን ሰዎች በሙሉ፣ እንዲሁም እዚያ ጥግ አዲስ ኮት ለብሰው መሬት መሬት የሚያዩት ጋሽ አረፋ! ቀና ይበሉ እንጂ! የምንሸኘው እርስዎን ነው፣ ጫማዎን አይደለም።

አስተዳደር ክፍል ንግግሬን አስቀድሞ አይቶ አርሞልኛል። "አጭር ይሁን፣ ጨዋ ይሁን፣ ሞቅ ያለ ይሁን" ተብያለሁ። የታረመው ወረቀት ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይሙቅ። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለቴም ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የሰው ጽሑፍ ማንበብ ይከብደኛል። ትናንት የጫርኩትን የራሴን ላንብብ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ተናድጃለሁ። ሳቁን የማስቀድመው ንዴቱ ንግግሬን እንዳይበላብኝ ነው።

ጋሽ አረፋ እዚህ ግቢ የገቡ ዕለት እኔ አልተወለድኩም። እናትና አባቴም ገና አልተዋወቁም። እትዬ ጠራዧ ግን ነበሩ፤ ታሪኩን የወሰድኩት ከእሳቸው ስለሆነ የተጋነነ ነገር ካለ እሳቸውን ያዙ። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ የመግቢያው ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹን ነጭ አረፋ እንዳለበሰ እየሮጠ በሩ ላይ ደረሰ። ዘበኛው አስቆመው።

"ወንድሜ፣ ቀለም ቀቢ ነህ?"

"አይ፣ አዲሱ የማሽን ሠራተኛ ነኝ።"

"ታዲያ ፊትህን ማን ቀባው?"

"ደወሉ ደረሰብኝ። ሳሙናው ደግሞ ጥሩ ስለሆነ አጥቤ መጣሉ አሳሳኝ።"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ መዝገብ ላይ ያለ ስማቸውን የሚያስታውስ ጠፋ፣ አረፋ ሆነው ቀሩ። (ያኔ ጎረምሳ ስለነበሩ ነው አንተ ያልኳቸው። እዚህ ስደርስ አንቱታውን መልሻለሁ፣ ጋሼ፣ አይቆጡ።)

ጋሼ የሚሰበስቧቸው የጺም ሳሙናዎች መጀመሪያ ቤታቸው ነበሩ። ባለቤታቸው እዚህ ስላሉ እየዋሸሁ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ሞላ፣ የልጆቹ መጻሕፍት ቦታ ሞላ፣ አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ ስኳር መስሎት አንዱን ቆርቆሮ ከፈተ። "ከዛሬ ጀምሮ ወይ እኔ ወይ ሳሙናዎቹ!" አሏቸው ባለቤታቸው። ጋሼ ሦስት ቀን አሰቡበት። ሦስት ቀን! በአራተኛው ቀን ሳሙናዎቹን በሁለት ጆንያ ተሸክመው እዚህ አመጡና ከቀለም ክፍሉ በር አጠገብ ያለችውን የብረት ቁምሳጥን ያዙ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ "ሦስት ቀን ምን ያሳስበው ነበር?" ይላሉ። ጋሼ፣ ዛሬ መልስ ቢሰጧቸው ጥሩ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አብረው ነው የሚውሉት።

ሰባ አራት ሳሙና። እያንዳንዱ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ክዳኑ ላይ ቁጥር፣ ቁጥሩ ደብተር ላይ። በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥተው እዚሁ መታጠቢያ ክፍል ይላጫሉ። ብሩሹን በሞቀ ውሃ ነክረው ሳሙናው ላይ ሲያሽከረክሩት፣ ያ ሽታ በኮሪደሩ ወጥቶ እስከ ጥረዛ ክፍል ይደርሳል። እኛም በሽታው ነበር ቀኑን የምናውቀው። ሎሚ ከሆነ ሰኞ ነው። ላቬንደር ከሆነ ማሽኑ በደህና አድሯል። ጽጌረዳ ከሆነ የጋብቻቸው ቀን ነው፣ ከባለቤታቸው በፊት እኛ ነን የምናስታውሰው። ቅርንፉድ ከሆነ ግን አስቸኳይ ሥራ አለ፣ ጋሼ ተቆጥተዋል፣ ዞር በሉ። ወረቀት ቆራጫችን ፈቃድ መጠየቅ ሲፈልግ መጀመሪያ እኔን ይልከኝ ነበር።

"ቁንጫ፣ ሂድና አሽትተህ ና።"

"ቅርንፉድ ነው።"

"በቃ አሞኛል ያልኩት ተሽሎኛል በላቸው።"

እኔ ቁንጫ የተባልኩት አንድ ቦታ ስለማልቀመጥ ነው። እዚህ የመጣሁ ቀን ጋሼ አጠገባቸው ስቆም አፍንጫቸውን ሰበሰቡ።

"አንተ ልጅ፣ ፊትህን በምን ታጥበህ ነው የመጣኸው?"

"በልብስ ሳሙና።"

"ፊትህ ካልሲ ነው እንዴ?"

እኔም ይህን ስድብ አልረሳሁም። ተበቀልኳቸው። አንድ ቀን የሻማ ቁራጭ ክብ አድርጌ ቀርጬ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ በብሩሽ ሲያሹ "ይሄ ሳሙና ዛሬ ምን ነካው?" ይሉት ነበር። ሌላ ቀን ተጭኖ የሚወጣ የቆርቆሮ አረፋ ገዝቼ ብሩሻቸው አጠገብ አስቀመጥኩ። በሁለት ጣታቸው፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሱ አድርገው፣ ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና "ዘመድህ ጠፍቶ ነበር፣ አገኘሁልህ" አሉኝ።

እንግዲህ ሳቁ እዚህ ጋ ይበቃናል።

ከአራት ወር በፊት ትልቁን ተንኮል ሠራሁ። የቅርንፉዱንና የጽጌረዳውን ሳሙና አውጥቼ ቦታ አቀያየርኳቸው፤ ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ዕለቱ የአስቸኳይ ሥራ ቀን ነው። ጋሼ ቅርንፉድ የሚል ቆርቆሮ ይከፍታሉ፣ ጽጌረዳ ይሸታቸዋል፣ ጣሪያው ይነሳል፣ እኔ በመስኮት እሮጣለሁ። ዕቅዴ ይህ ነበር። በሩ ሥር ተደብቄ ጠበቅኩ። ብሩሹ ዞረ። ኮሪደሩ በሙሉ ጽጌረዳ፣ ጽጌረዳ ሸተተ። ጋሼ ተላጩ፣ ፊታቸውን አደረቁ፣ ወጡና አዩኝ።

"ምን ትሠራለህ እዚህ? ዛሬ ቅርንፉድ ነው፤ ሥራ አለ፣ ዞር በል!"

ልስቅ የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

"ጋሼ፣ ቅርንፉድ ነው ያሉት?"

"አይሸትህም?"

"እርስዎስ ይሸትዎታል?"

ፎጣቸውን አጣጠፉ። እንደገና አጣጠፉት። ከዚያ "ሁለት ዓመት ሆነኝ" አሉኝ። "ምንም አይሸተኝም። ቁጥሩን አይቼ ነው የምከፍተው።"

ሁለት ዓመት! በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጋሼ ሳሙና አበዙ ብለን ስንስቅ የነበርነው እኛ ነን። "ዛሬ ጋሼ በሳሙና ተቀቅለው መጡ" ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ያህል የሚያበዙት ምናልባት ዛሬ ይሸተኝ ይሆናል ብለው ነው። ይህን ሳስብ የምናደደው በራሴ ላይ ነው። ግን ለራሴ ብቻ አልጨርሰውም፣ የሚካፈሉኝ አሉ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ውሃዎን ያስቀምጡና ይስሙኝ።

ለማያውቅ ልንገር። ማሽኑ ሥራ በጨረሰ ቁጥር ቀለሙን የሚያዳርሱት ተሽከርካሪ ሮለሮች በማጠቢያ ፈሳሽ ይታጠባሉ። ፈሳሹ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጭንቅላት ያዞራል፣ ትነቱ ካልወጣ ውሎ አድሮ አፍንጫ ይገድላል። ለዚህ ነው የቀለም ክፍሉ ግድግዳ ላይ አየር የሚያወጣ ፋን የተገጠመው። ፋኑ ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ጋሼ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። አሥራ አንዱም መልስ አግኝቷል፣ አስተዳደራችን ጨዋ ነው፣ መልስ አይነፍግም። "ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው።" አሥራ አንድ ጊዜ! ያ ሂደት በእግሩ ቢሄድ ኖሮ እስከ ዛሬ ዓለምን ዞሮ ይመለስ ነበር። በዚህ መሀል አንዲት ርግብ ፋኑ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ሦስት ጊዜ ፈለፈለች። እዚህ ቤት ያመለከተችው በሙሉ የተፈጸመላት ርግቧ ብቻ ናት። ደግሞ የስብሰባ አዳራሹ ፋን ይሠራል፤ ይኸው እየዞረ ነው፣ ቀና ብላችሁ እዩት። ከእኛ ቀለም ክፍል ይልቅ የእናንተ ወሬ አየር አስፈለገው ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጡረታ ቅጹን አየሁት። "የጤና ሁኔታ" ከሚለው አጠገብ "የተሟላ" ተብሎ ተጽፏል። ማን መረመራቸው? ማንም። በየትኛው ሐኪም? በማንም። ጸሐፊዋን ጠየቅኳት፣ "ለሁሉም እንደዚያ ነው የምንሞላው" አለችኝ። ጋሼም ፈረሙ። እዚህ ላይ ጋሼ፣ በእርስዎም ተናድጃለሁ! "ለምን ፈረሙ?" ብዬ ስጮህብዎት ምን አሉኝ?

"ልጄ፣ ደከመኝ። ሰው አፍንጫዬ ጠፋ ብሎ ይከራከራል? ይስቁብኛል። አንተም ዝም በል።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትሸኘኝ።"

እንግዲህ ሽኝቱ ተጀምሯል። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ደግሞ እኔና እሳቸው ብቻ ነን የምናውቀው። ከሰባ አራቱ ውስጥ አንዱ፣ ቁጥር አንድ፣ ተከፍቶ አያውቅም ነበር። የገዙት የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ መሰብሰብ ሲጀምሩ ነው። ሱቁ ውስጥ አንድ ጊዜ አሽተውት፣ ዳግመኛ እንደማያገኙት ስላወቁ፣ "ጡረታ በምወጣበት ጠዋት እላጭበታለሁ" ብለው እንደታሸገ አኖሩት። ዛሬ ጠዋት ከፈቱት። ብሩሹን አዞሩ፣ አፍንጫቸው ሥር አመጡት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ፣

"ቁንጫ፣ እስቲ ንገረኝ። ምን ይሸታል?" አሉኝ።

እኔ ለቀልድ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር ቃል የለኝም። ቀረብኩና አሸተትኩ።

"ጥድ ነው ጋሼ። አሁን፣ ገና አሁን የተላገ ጥድ። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የእንጨት ሙጫ ነገር አለው።"

"ሙጫውም አለ?"

"አለ።"

"የአባቴ መሥሪያ ቤት ነው" አሉ። "አናጺ ነበር።" ከዚያ ፊታቸውን ታጠቡ። ታጥበው ታጥበው አልጨርስ አሉ።

አሁን አስተዳደሩ ያዘጋጀውን ስጦታ እንየው። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጺም መላጫ! ውሃ የማይፈልግ! ሳሙና የማይፈልግ! ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ሰው ሽታ ሰዓታችንን ስንሞላ ኖረን፣ ይህን የመረጠው ሰው በየትኛው ኮሪደር ነበር የሚያልፈው?

ጋሼ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ከንዴት ነው፣ ሌላ አይምሰላችሁ።

ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ሮለር አላሳጠቡኝም። "አንተ አታውቅበትም፣ ሂድ ወረቀት ጫን" ይሉኛል። አኩርፌ ነበር። ከኋላዎ ሆኜ እርስዎን መስዬ እየተራመድኩ ቆራጩን አስቄብዎታለሁ። በሩን ከውስጥ ዘግተው፣ ያንን ጭስ የመሰለ ትንፋሽ ብቻዎን ሲስቡት፣ እኔ ውጭ ቆሜ "ሽማግሌው ሥራውን ይሰስታል" እል ነበር። ዛሬ ጠዋት ሙጫውን ያሸተተው አፍንጫ እኮ በእርስዎ የተረፈ ነው። ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም፣ ስምንተኛ ክፍልም አላስተማሩንም። አመሰግናለሁ ጋሼ። ስለ ሻማውም ይቅርታ። ስለ ጽጌረዳው ግን ይቅርታ አልልም፣ እሱ ባይኖር ማንም አያውቅም ነበር።

ጋሼ ቁምሳጥኗን ከነሳሙናዎቹ ትተውልን ነው የሚሄዱት። ለምን እንደምትውል ደግሞ ትናንት ከማሽን ክፍልና ከጥረዛ ክፍል ሁላችን ተስማምተናል። በየሰኞው፣ ማሽን ሳይነሳ፣ እትዬ ጠራዧ የክዳኑን ቁጥር ሸፍነው አንድ ቆርቆሮ ይከፍታሉ፤ እያንዳንዳችን አሽተን ምን እንደሆነ እንናገራለን። አንድ ሰው የሳተ ዕለት፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ማሽኑም ይቆማል። ሮለር ደግሞ ከነገ ጀምሮ አናጥብም። ፋኑ እስኪዞር አናጥብም። የጋሼም ቅጽ ሐኪም አይቷቸው፣ እውነቱ ተጽፎበት ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ አናጥብም። ሃያ ሦስት ሰው ፈርሟል፤ ወረቀቱ ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሳህን ሥር ነው። አዎ፣ እሱ ነው፣ ቀስ ብለው ያውጡት። "በሂደት ላይ ነው" እንዳይሉን። ርግቧን እኛው በክብር እናዛውራታለን፣ ስለ እሷ አያስቡ።

በሉ ተነሱ። ብርጭቆ ከማንሳታችሁ በፊት ግን በየጠረጴዛው መካከል በትንሽ ሳህን የተቀመጠች ነጭ ቁራጭ አለች፤ አይብ አይደለችም፣ ቆራጩ፣ እጅህን ሰብስብ! ከቁጥር አንድ የተቆረጠች ናት፣ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ፈቅደው የቆረጧት። አንሱና አሽቱ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎም።

ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ጺምዎ አይቋረጥ፣ ውሃዎ አይቀዝቅዝ፣ ባለቤትዎ አንዲት መደርደሪያ እንኳ ይፍቀዱልዎት። ኮሪደራችን ከነገ ጀምሮ ቀኑን አያውቅም፣ ሰኞ መሆኑንም ማንም አይነግረንም፤ ብቅ እያሉ ይንገሩን።

ለጋሽ አረፋ!

አሁን ሳትጠጡ፣ አንድ ላይ፣ ጮክ ብላችሁ ንገሯቸው። ምን ይሸታል?