የጳጉሜን መብራት

በደብረ ታቦር ፖሊስ ጣቢያ የተቀበልነው ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ ወይዘሪት ጸዳለ ወልደጊዮርጊስ
ዕድሜ፦ 21 ዓመት
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ከገበያው ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በእናቷ በወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት
ቀን፦ መስከረም 6 ቀን 1931 ዓ.ም.፤ በጣልያን አቆጣጠር ሴቴምብሬ 16 ቀን 1938
ሰዓት፦ ከጧቱ 3 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የመብራት ሽቦ ቆርጣለች ተብላ በአቶ ይርጋ ሞላ ስለ ተከሰሰችበት
ቃል ተቀባይ፦ ጸሐፊ እሸቴ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ፣ የመብራት ሽቦ ቆርጠሻል ተብዬ ስለ ተጠየቅሁ የማውቀውን እናገራለሁ። ጸሐፊው ከሽቦው ጀምሪ ብሎኝ ነበር። ሽቦው የተቆረጠው በሒሳብ ክርክር ምክንያት ስለሆነ ከሒሳቡ ካልጀመርሁ ቃሌ አይገባም ብዬ ጣልያኑን የጣቢያውን ሹም በአስተርጓሚ አስፈቅጃለሁ።

አባቴ መርጌታ ወልደጊዮርጊስ በሕይወት ሳሉ ዳዊት አስደግመውኛል። ባሕረ ሐሳብም አስተምረውኛል፤ ይኸውም የበዓልና የጾም ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ሒሳብ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ተምሬ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ እናቴ ተመለስሁ። አሁን በስፌት መኪና እየሠራሁ እናቴንና ራሴን አስተዳድራለሁ። ቀን ደንበኛ ስለሚበዛ ቁልፍ የምተክለውና የምዘመዝመው ከመሸ ነው። ስለዚህ መብራት ለእኔ ጌጥ አይደለም።

አቶ ይርጋ ሞላ የከተማው መብራት የሚመጣበት ሞተር ባለቤት ከሆነው ጣልያን ኮንትራት ይዞ፣ በመንገዱ ዳር ላሉት ቤቶች መብራት የሚያስገባና ኪራዩን የሚሰበስብ ሰው ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1930 ዓ.ም. ቤታችን መጥቶ ሁለት አምፑል አስገባልን። የማስገቢያውን ዋጋ ዕለቱን ከፍለናል፤ በእሱ ክርክር የለንም። ኪራዩ ለአንድ አምፑል በወር ሦስት ሊሬ፣ ለሁለቱ ስድስት ሊሬ እንዲሆን በወረቀት ተዋዋልን። ወረቀቱ «በየወሩ» ይላል እንጂ ስለ ጳጉሜን አንድም ቃል የለበትም። ይህን ያኔ አለማስተዋሌ የእኔ ጥፋት ነው።

ሥራውን ሲሠራ ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ዋልሁ። ሽቦው ለምን ልብስ እንደሚለብስ፣ መብራቱ ከልክ ሲያልፍ ቫልቮላ የሚባለው ቀጭን ሽቦ ለምን ከቤቱ በፊት እንደሚቃጠል ጠየቅሁት፤ ሳይሰለች ነገረኝ። ሞተሩ ሲቆም መብራቱ የት ይሄዳል ብዬ ስጠይቀው ግን፣ «አንቺ ልጅ፣ የሄደበትን ቢያውቁት ለዚያም ያስከፍሉሽ ነበር» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን በአቶ ይርጋ ላይ ቅሬታ አልነበረኝም። ቆርጦ የጣላቸውን ሰባት የሽቦ ቁራጮች ለቅሜ፣ በየመጠናቸው የለየኋቸውን የልብስ ቁልፎች ሰካሁባቸው። እስከ ትናንት ድረስ በቁልፍ ሣጥኔ ውስጥ ነበሩ።

ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ የዘጠኝ ወር ኪራይ ከፍዬ ዘጠኝ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ሁሉንም ለጣቢያው አሳይቻለሁ። በያንዳንዱ ላይ የእኛ ወር ስም ተጽፎበታል። የነሐሴን ስከፍል፣ እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት በጳጉሜን ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይዣት እንደምሄድና ቤቱ ተዘግቶ እንደሚሰነብት ለአቶ ይርጋ ነገርሁት። «ለእኔም ተጠመቁልኝ» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ነሐሴ 30 ቀን ሄደን ጳጉሜን 5 ቀን ተመለስን። የመንገድ ፈቃዱን የሰጠን ይኸው ጣቢያ ስለሆነ የመውጫውም የመመለሻውም ማኅተም አለበት።

መስከረም 2 ቀን ሰኞ ረፋዱ ላይ አቶ ይርጋ መጥቶ የጳጉሜን ወር ኪራይ ስድስት ሊሬ ክፈሉ አለን። እናቴ የሚቀልድ መስሏት፣ «እንኳን አደረሰህ ማለት ቀርቶ ነው ወይ?» አለችው። እሱ ግን ደረሰኙን አስቀድሞ ጽፎ ነበር። ጎረቤቶቻችን ከፍለው እንደሆነ ጠየቅሁት። ከአርባ ቤት ሠላሳ አንዱ ከፍሏል አለኝ። የጸሐፊው ቤት ከሠላሳ አንዱ ቤቶች አንዱ መሆኑን ጸሐፊው አሁን ቃሌን ሲጽፍ ነግሮኛል።

ሹሙ ጳጉሜን ምን እንደሆነ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። የእኛ አሥራ ሁለት ወር እያንዳንዱ ሠላሳ ቀን ነው፤ የተረፉት አምስት ቀናት በነሐሴና በመስከረም መካከል ጳጉሜን ተብለው ይቆጠራሉ፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ይሆናሉ፤ የእናንተ ወሮች ግን እነዚህን ቀናት ተከፋፍለው ወስደዋቸዋል ብዬ አስረዳሁ። ሹሙ በወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር አሰላ። ያሰላውን አላሳየኝም፤ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

ለአቶ ይርጋ አልከፍልም ስላልሁት በሽማግሌ እንተያይ አለ። መስከረም 3 ቀን ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ግራዝማች ፈንታሁንና ቄስ አስረስ ተቀመጡልን። መጀመሪያ ጳጉሜን ወር ናት ወይስ አይደለችም የሚል ጥያቄ ተነሣ። ቄስ አስረስ ወር ናት፣ ግን አምስት ቀን ያላት ወር ናት አሉ። ግራዝማች ፈንታሁን ደግሞ፣ «እኔ ለአሽከሬ የጳጉሜን ደመወዝ ሰጥቼ አላውቅም። አሽከሬም ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ይህን ክርክር ከሰማ ግን ከነገ ጀምሮ ተከሳሹ እኔ ነኝ» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ አቶ ይርጋም ስቋል።

ከዚያ አቶ ይርጋ፣ «ሞተሩ ጳጉሜንን አያውቅም፤ ጳጉሜንም ናፍጣ ይጠጣል» አለ። ይህ አነጋገሩ እውነት መሰለኝ። አሽከር በጳጉሜን ቢያርፍም ሞተሩ አላረፈም። ስለዚህ በሐሳቤ አሰላሁት። ሠላሳ ቀን ስድስት ሊሬ ከሆነ፣ አምስት ቀን አንድ ሊሬ ነው። እኛ ባንኖርም፣ አምፑሉ ባይበራም፣ ሞተሩ ስለዞረ አንዱን ሊሬ እከፍላለሁ አልሁ። ቄስ አስረስ በጣታቸው ቆጥረው፣ «የመርጌታ ልጅ ልክ ናት» አሉ። ግራዝማች ግን ለዕርቅ ሲሉ ሦስት ሊሬ ይሁን፣ እኩል ተካፈሉት አሉ። እኔም፣ «አባቴ፣ ትክክሉ ታውቆ ካደረ ምን እንካፈላለን?» ብዬ እምቢ አልሁ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። አልተቀመጥሁም።

አቶ ይርጋ ወደ ሽማግሎቹ ዞሮ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። እኔም፣ «ነገሩ በወንድ እንዲያልቅማ አንቱ ይጨርሱት። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። እኛን በዓመት አሥራ ሦስት ጊዜ ያስከፍሉናል። አንቱ ራስዎ ለባለ ሞተሩ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚከፍሉት?» አልሁት። ይህን የጠየቅሁት ልወነጅለው አስቤ አልነበረም። ማወቅ ፈልጌ ነው። የባለ ሞተሩ ዓመት በአሥራ ሁለት ወር የሚያልቅ ከሆነ፣ አሥራ ሦስተኛው ኪራይ የት እንደሚገባ አልታየኝም። ሽማግሎቹ ሁለቱም ወደ አቶ ይርጋ እያዩ መልሱን ጠበቁ። እሱ ግን ተነሥቶ፣ «እንግዲህ ቤትሽን በአባትሽ ባሕረ ሐሳብ አብሪው» ብሎኝ ሄደ።

መስከረም 4 ቀን ረቡዕ ጧት በሩን ስከፍት ከምሰሶው ወደ ቤታችን የሚመጣው ሽቦ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቆርጦ ጭቃው ላይ ወድቆ አገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ዘነበ እናቴም እኔም የሰማነው ነገር የለም። ቦታው ከፍ ያለ ቢሆንም በርጩማ ላይ ብቆም እደርስበታለሁ፤ ይህን አልክድም። ሦስት ሰዓት ገደማ አቶ ይርጋ ከሁለት ዘበኞች ጋር መጥቶ፣ ኪራይ አልከፍልም ብላ የመንግሥት ሽቦ ቆረጠች አለ። ባለፈው ነሐሴ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ የስልክ ሽቦ ቆረጡ የተባሉት ሁለት ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ይህ ጣቢያ ስለሚያውቅ እኔ አልናገርም። አቶ ይርጋም ያውቃል። እናቴም ስለምታውቅ በዘበኞቹ እግር ላይ ወደቀች። እኔ አንስቻታለሁ። ግራዝማች ፈንታሁን እስከ መስከረም 7 ቀን ዋስ ሆነውኝ ተለቀቅሁ።

ቤት እንደ ገባሁ የወደቀውን ሽቦ ጫፍ አየሁት። ቁርጡ ለስላሳ አልነበረም፤ በአንድ ጎኑ ቀጭን ጭራ ቀርቶበታል። ይህን ጭራ የት ነው የማውቀው እያልሁ ብዙ አሰብሁ። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ካፖርት ቁልፍ ልመርጥ ሣጥኑን ስከፍት አንዱ ሽቦ ጣቴን ወጋኝ። ሰባቱም ቁራጮች በሁለቱም ጫፋቸው እንዲህ ያለ ጭራ አላቸው። ለዘጠኝ ወር ጣቴን ሲወጉኝ ኖረው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሆኖም ምናልባት ሽቦ በማናቸውም ስለት ሲቆረጥ እንዲህ ይሆን እንደሆነ ስላላወቅሁ፣ መስከረም 5 ቀን ሐሙስ በእግሬ ወደ ጋፋት ወርጄ ብረት ሠሪውን አያ ሙላቴን ጠየቅኋቸው። ከወደቀው ሽቦ ጫፍ ቆርጬ የወሰድሁት በስፌት መቀሴ ነው። እኔ የቆረጥሁበት ወገን ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ከሌላው ወገን ጋር ማስተያየት ይቻላል። መቀሴም ተሸርፏል። አያ ሙላቴ ሽቦውን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩና፣ «ማጭድም ቢላም ይልጣል እንጂ እንዲህ አይነክስም። ይህ ጥርሱ የተሸረፈ ጉጠት ነው» አሉኝ። ሰባቱን ሳሳያቸው ደግሞ፣ «አፉ አንድ ነው። የማን እንደሆነ አትንገሪኝ፤ ዕቃ ሲበላሽበት እኔ ዘንድ የሚያመጣ ሰው ይሆናል» ብለው መለሱልኝ። ቢጠሩ ያዩትን እንደሚናገሩ ነግረውኛል።

መብራት አስገቢዎች ፒንሳ የሚሉትን የሽቦ መቁረጫ ጉጠት አቶ ይርጋ ዘወትር በወገቡ ይዞ ይሄዳል። የአፉን ጥርስ በቅርብ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ የእሱ ፒንሳ ነው ብዬ አልምልም። የምለው ይህን ነው፤ በታኅሣሥ ዓይኔ እያየ የቆረጠው ሽቦና በመስከረም ደጄ ላይ ተቆርጦ የተገኘው ሽቦ አንድ ዓይነት ጭራ አላቸው። ፒንሳው ይምጣና በፊቴ አንድ ሽቦ ይቁረጥ። ጭራ ካልወጣው ክሱን ልመልስበት የምችለው ነገር የለኝም።

ለምን መንግሥትን አትወጂም ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ የተከሰስሁት ስለ ሽቦ ስለሆነ የምመልሰው ስለ ሽቦ ብቻ ነው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሽቦው ይቀጠልልኝ፤ የሚቀጥለውም ራሱ አቶ ይርጋ ይሁን፣ እኔም ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ልይ። ሁለተኛ፣ ቃሌ ወደ ጣልያንኛ ሲገለበጥ ጳጉሜን እንዲሁ ወር ተብላ እንዳትጻፍ፤ አምስት ቀን ተብላ ትጻፍ። ሦስተኛ፣ አንዱን ሊሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የአምስት ቀን ደረሰኝ ይሰጠኝ።

ይህ ቃል ከአፌ የወጣ ነው። ጸሐፊው አንብቦልኝ፣ እኔም ራሴ ተቀብዬ አንብቤው፣ በሁለት ቦታ አሳርሜዋለሁ። በሐሰት የተናገርሁት ቢገኝ በሕግ እጠየቅበታለሁ፤ የተናገርሁትን ግን ማንም ቢጠይቀኝ አልለውጠውም።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ጸዳለ ወልደጊዮርጊስ
(ለአውራ ጣት የቀረበላትን ቀለም መልሳ በእጇ ጽፋ ፈርማለች።)

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፤ በዚሁ ቀን ከጧቱ 5 ሰዓት፦ አቶ ይርጋ ሞላ ተጠርቶ ቀረበ። ፒንሳውን ሲጠየቅ ቤት ረስቼዋለሁ አለ። ቃል ሰጪዋ በካፖርቱ ሥር በወገቡ ላይ መኖሩን አመለከተች፤ ተገኘም። በሹሙ ትእዛዝ በጠረጴዛው ላይ አንድ አዲስ ሽቦ ቆረጠ። በቁራጩ ጫፍ ላይ ቀጭን ጭራ ታይቷል። ሹሙ ቁራጩን ከሰባቱ አጠገብ አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ በአስተርጓሚ፣ ለባለ ሞተሩ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚከፍል አቶ ይርጋን ጠየቀው። አቶ ይርጋ ሁለተኛ ሲጠየቅ «አሥራ ሁለት» ብሎ መለሰ። ቃል ሰጪዋ፣ «የጠየቅሁት ይህንን ብቻ ነበር» አለች።

ፒንሳው፣ ከደጅ የተገኘው ሽቦ፣ አዲሱ ቁራጭና ከሰባቱ አንዱ በአንድነት ታስረው ታሽገዋል። ወይዘሪት ጸዳለ ከዋስትና ተለቃለች። አቶ ይርጋ እስኪጣራ በጣቢያው እንዲቆይ ታዟል። ከመቆየቱ በፊት አንዱን ሊሬ ተቀብሎ «የአምስት ቀን መብራት» የሚል ደረሰኝ በእጁ ጽፎ ሰጥቷታል። ስድስቱ ሽቦዎች የካፖርት ሥራ አለብኝ ስላለች ከነቁልፋቸው ተመልሰውላታል።

እኔም የጳጉሜን ኪራይ ከከፈሉት ሠላሳ አንድ ቤቶች አንዱ በመሆኔ፣ ከከፈልሁት ስድስት ሊሬ አምስቱ እንዲመለስልኝ በሌላ ወረቀት አመልክቻለሁ።

ጸሐፊ እሸቴ (ፊርማ)