የቃለጽድቅ ግግ

ባለፈው ማክሰኞ አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ ጎረቤቴን ወይዘሮ ጥሩብርሃንን አገኘኋቸው። የስድስት ወር የልጅ ልጃቸውን ቃለጽድቅን በነጠላ ጠቅልለው አቅፈዋል። ልጁ አያለቅስም፤ ያስደነገጠኝም ዝምታው ነው።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ተቅማጡ ሦስት ቀን አለፈው፤ ትኩሳቱም አልለቅ አለው። ድዱም አብጧል፤ ግግ ነው። አስኮ የምታወጣ ሴት አለች፤ እናቱ ከሥራ ሳትመለስ ልድረስ።»

ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን እኔም የበኩር ልጄን ድድ አስፍቄአለሁና በምን አፌ ልገሥጻቸው?

ደግነቱ ርሆቦት ከኋላችን ተሰልፋ ኖሯል። ይህች ወጣት የጥርስ ጤና ባለሙያ ናት፤ የጥርስ ክሊኒክ በሌለባቸው ሰፈሮች እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን በነጻ ታያለች።

«ይቅርታ እማማ፣ አፉን ልየው?»

«ጥርስ ላላበቀለ ልጅ የጥርስ ሐኪም ምን ይሠራለታል?»

«እኔ ነቃይ አይደለሁም፤ ጥርስ እንዳይነቀል ነው ሥራዬ።»

እጇን አጽድታ አየችው። «ድዱ ደኅና ነው። ይቺ እብጠት ጥርሱ ሊወጣ ሲዘጋጅ ነው። ሴትዮዋ ነጭ ትል ነው ብላ የምታሳይዎ ራሱን ገና ያልጠነከረውን ጥርስ ነው። ምላሱ ግን ደርቋል። መቼ ሸና?»

«ከትናንት ማታ ወዲህ… እንጃ።»

«ሰውነቱ ውኃ እያለቀበት ነው እማማ። ጤና ጣቢያ እንሂድ፣ አሁኑኑ!»

የአስኮ ታክሲ መጣ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን አንድ እግራቸውን አስገቡ።

«ሰባት ልጅ የወለድኩትን ሴት አንቺ ልታስተምሪኝ! ለሁሉም አስወጥቼላቸው ነው ያደጉት።»

«ሰባቱም አደጉ?»

«ስድስቱ። አንዱ ካስወጣሁለት በአራተኛው ቀን… ዘግይቼበት ነው።»

«ከወጣለት በኋላ ጡት ይጠባ ነበር?»

«አፉ ቆስሎ እንዴት ይጥባ!»

ይህን ከተናገሩ በኋላ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ብሆን ያን ጥያቄ ለመጠየቅ አልደፍርም ነበር። ወያላው «እማማ፣ ይግቡ ወይ ይውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ወረዱ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ እንዲሰጡት አደረገች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከዚያ ልጁ አለቀሰ፤ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ልጁን ያደከመው ተቅማጥ ነው፤ የሴትዮዋ ምላጭ ቢጨመርበት ደምና ቁስል ይከተሉ ነበር። ርሆቦት ጡት እንዳይቋረጥበት፣ ማንኪያና ጽዋው በፈላ ውኃ እንዲታጠብ፣ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትልም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ እንድትጠረግ በትሕትና አስረዳች። ያን የሚነግር ሰው እስከ ደጃችን መምጣቱ ስንቱን ልጅ ከመቃብር፣ ስንቱን አፍ ከጥርስ ማጣት ያድን ይሆን!

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ግን የሚያስቡት ሌላ ነበር።

«ያኛውን ልጄን… እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አያውቁም ነበር እማማ። የነገረዎ ሰው አልነበረም።»

የደወልንላት የልጁ እናት ቤተልሄም ከሥራዋ እየሮጠች ደረሰች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ልጁን አስታቀፏትና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ርሆቦት፣ ልጄ፣ ተነሽ። የጎረቤታችን የባጫ ሚስት የራሷን ሕፃን ነገ በጠዋት ወደዚያች የአስኮ ሴት ልትወስድ ነው። የመከርኳት እኔ ነኝ።»

መልሳችንን ሳይጠብቁ ቀድመውን ወጡ።