ሶፍትዌር የመረጠልን ደግ ሰው

እንደምን አደሩ አያ ፈንታ? እትዬ ደጊቱስ ደህና ናቸው? የሌሊቱ ዝናብ እናንተ ዘንድ ደረሰ? ንፋስ መውጫንማ ረጭ ረጭ አድርጓት ነው ያለፈው። ቢሆንም ለገብሱ ደህና ነው፣ መሬቱን ያለሰልሰዋል። ይቀመጡ እንጂ፤ የገበሬ ማኅበሩን ቢሮ ቁልፍ የያዘው ሙላው ገና ከቁርሱ አልተነሣም። እዚያ ጥግ የተቀመጡት ጋሼም ጠጋ ይበሉ፣ ፀሐዩ እኮ እዚህ ነው… እሺ፣ ጥላው ከተመቸዎት ይሁን።

ዛሬ አባላቱን መዝግቦ ማዳበሪያ የሚያከፋፍልልን የሶፍትዌሩ ርክክብ ነው አሉ። የቀረው የሊቀ መንበሩ፣ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እርስዎ ከፈረሙ ሻጩ ላፕቶፑን አጥፎ ይሄዳል፣ እኛ ከዕቃው ጋር እንቀራለን። ምን ችግር አለው? የመረጠልን ሰው እያለ… እንዲያው እሱን ሳላመሰግን ብውል ምላሴ ይያዝ።

እኔ እንግዲህ መናኸሪያው በር ላይ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ የተማርኩትም እዚያው ከስልኩ ነው። ግን ማስረዳት እወዳለሁና ይታገሡኝ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሶፍትዌር ማለት እንደ ተሰፋ ኮት ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ቢሄዱ ይለካዎታል፤ ይኸኛው ግን ሌላ አገር፣ ለሌላ ትከሻ ተሰፍቶ ያለቀ ነው። ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርሳል፤ አልነቅፈውም። ብቻ ከመግዛት በፊት ለብሶ ማየት ነው። እጅጌው የት ድረስ ነው? ሲቀደድ የሚጥፈው ማን ነው? ቀድመው የገዙት ምን ይላሉ? በቃ፣ ሙያው ይኸው ነው።

ታዲያ የመረጠልን የእኛ ሰው ይኼን አያውቅም ብለው ነው? አርብ ገበያ በሬ ሲገዛ አላዩትም? አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ዳገት ያስወጣዋል፣ ዋስ ያስጠራል፣ የባለቤቱን ጎረቤት ይጠይቃል፣ ጠምዶ ካላየው ገመዱን አይዝም። በራሱ በሬ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው፣ የማኅበሩ ዕቃ ላይ ሲደርስ ግን… ጥርጣሬውን ሁሉ ለራሱ አስቀርቶ እምነቱን በሙሉ ለእኛ አወጣልን። እንዲህ ያለ ቅን ልብ ዛሬ ማን ዘንድ ይገኛል?

ጋሼን ሳል ያዛቸው። ጥላው ነዋ፣ አልኩ እኮ።

ሦስት ሻጮች መጡ አይደል? የደብረ ታቦሯ ፍቅርተ ትዝ ትልዎታለች? ሌሎቹ ስለ ሁሉም ነገር «ይችላል» ሲሉ እሷ፣ «የእኔ ዕቃ ይኼን ይችላል፣ ይኼን ግን አይችልም፤ ለማስተካከል ጊዜ ስጡኝ» አለች። ጉድለት አለበት ያለችው እሷ ብቻ ነበረችና፣ ጉድለት ያለበት የእሷ ብቻ ሆነ። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ግን አባይን አይቶ ምንጩን ያመሰገነ ሰው አለ። ምንጩ ዳር ድንኳን ተጥሎ፣ ሥጋ ተቆርጦ ከሆነስ… እኔ ምን አውቄ። አዲስ ቦርሳ ማንገትም ኃጢአት አይደለም። የሻጩ ስም ቢጻፍበትስ? ቦርሳ ያው ቦርሳ ነው።

ደግሞ ሳይጠይቅ መረጠ ብለው እንዳያሙት። ጠይቋል። ሻጩ «ከእኔ የገዛ ደንበኛ ይኸውልህ» ብሎ ስልክ ቁጥር ሰጠው፤ ደወለ፤ ከወዲያ ያለው ሰውዬ ሶፍትዌሩን እያመሰገነ ጆሮውን አጠገበው። በሳምንቱ ሻጩ ራሱ ተመልሶ ከተፍ ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ድምፁ… ያው የስልኩ ድምፅ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። የእኛ ሰው ምን አለ አሉ? «እንዴት ያሉ የሚስማሙ ሰዎች ናቸው።» ወጉ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነበር፤ እሱ ነገሩን ከሻጩ፣ ውሃውን ሻጩ ከጋበዘው ሆቴል ጠርሙስ ቀዳው።

መረጃችንስ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ብጠይቅ፣ ደመና ላይ ነው ተባልኩ። ድሮ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚል ሰው ይሳቅበት ነበር፤ ይኸው ለእኛ ላሚቱ ተገዛችልን። የምትታለበው ኔትወርክ ሲኖር ነው። ኔትወርክ ደግሞ እዚህ ንፋስ መውጫ… ከእሱስ ነፋሱ ይታመናል።

የስሙን ጉዳይ ሰምተዋል መቼም። ዕቃው የተሰፋበት አገር ሰው የቤተሰብ ስም አለው፤ አባትም ሚስትም ልጅም በአንድ ስም ይጠራሉ። እኛ የለንም። ለሙከራ ስንመዘገብ «የቤተሰብ ስም ካልሞላችሁ አላሳልፍም» ሲለን የአያት ስም ሞላንለት። እሱም በአያት ስም የተገናኘውን ሁሉ አንድ ቤት አደረገው፤ ለአንድ ቤት ደግሞ አንድ ድርሻ ማዳበሪያ። እስቲ እዚህ በእኛ ቤተ ልሔም ደብር ዙሪያ አያቱ ገብረ ኢየሱስ ወይ ወልደ ጊዮርጊስ ያልሆነ ስንት ሰው አለ? ገበሬው ማሩ ትናንት ማዳበሪያ ሊወስድ አህያውን እየነዳ መጥቶ፣ «ቤተሰባችሁ ወስዷል» ተባለ። የወሰደው ማን ነው? በመልክ እንኳ የማያውቀው አንዳርጌ። ማሩም ምን ያድርግ፣ «ወንድም ካገኘሁ አይቀር እናቴን ጠይቄ ልምጣ» ብሎ አህያውን ባዶውን መለሰው።

የእርስዎ ቤትም አልቀረለትም። ልጅዎን አመለወርቅንና ባሏን ሽማግሌ ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ ዝምድና የላቸውም ብሎ አልነበር ያጋባቸው? አሁን የእርስዎ አባት ወልደ ጊዮርጊስ፣ የባሏም አያት ወልደ ጊዮርጊስ… የአንድ ቤት ልጆች ተብለው ተመዝግበዋል። እንኳንም የንስሐ አባታቸው ኮምፒውተር አላዩ።

ዝናቡ ግን ዝምድና እስኪጣራ አይጠብቅም። ሰኔ ደርሷል፤ ማዳበሪያው መጋዘን ተቆልፎበት፣ ማሩን የመሰለው ሁሉ ባዶ እጁን ሊዘራ ነው። ሻጩን ጠርቶ ማስተካከል ይቻላል እንዴ? ይቻላል፣ እስኪፈረምለት ድረስ። ሻጭ ሳይፈረምለት እግሩ ፈጣን ነው፤ ከተፈረመለት በኋላ ግን ስልኩም አይነሣም። ይኼን ለማስረዳት ያህል ነው የነገርኩዎት፤ ይፈርሙ አይፈርሙ ማለት የእኔ ቦታ አይደለም።

ሙላው መጣ፣ በሩን ሊከፍተው ነው። እስክሪብቶዎን ወደ ኪስዎ መለሱት አያ ፈንታ?… ይሁን፣ ሻጩም ከነላፕቶፑ ይጠብቃላ፤ ቸኩሎ የት ይደርሳል?

ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ? እኔ የማንን ስም ጠራሁ? ደግ ሰው በሌለበት ሲመሰገን እኮ ደስ ይላል። እንዲያውም ሳንገባ እንመርቀው። እግዜር ውለታውን ይክፈለው፣ ዕድሜውን ያርዝምለት። ሴት ልጁን ሲድር፣ ሲያመው ሐኪም ሲፈልግ፣ ሸምግሎ የሚጦረው ሲያጣ፣ ልክ እሱ ለእኛ እንደ መረጠልን አድርጎ የሚመርጥለት ቅን ሰው ይዘዝለት። አሜን ይበሉ አያ ፈንታ… እርስዎስ ጋሼ? አሜን ማለት ምን ይከብዳል?