ከጊደር መጋላ ስለተወሰደው አረንጓዴ ብስክሌት

የምስክሩ ስም፦ እንደሻው ለገሠ
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረተኛ
አድራሻ፦ ሐረር ከተማ፣ ሸዋ በር አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ኑሰይባ ሙሜ

በብስክሌት ስርቆት ተጠርጥሮ ስለታሰረው የቀን ሠራተኛ ሙክታር የማውቀውን ለመናገር ሳልጠራ ራሴ መጥቻለሁ። ብስክሌቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

በመሥሪያ ቤት ተላላኪነት ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት በብስክሌት ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ሲሆን በ1970 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ጠፋብኝ። ሁለተኛው ሐማሬሳ ቁልቁለት ላይ ይዞኝ ወደቀ፤ እኔ ዳንኩ፣ እሱ ግን ተሰብሮ ቀረ። ሦስተኛው ይህ አረንጓዴው ሲሆን በ1983 ዓ.ም. ገዛሁት። ባለቤቴን ወይዘሮ ገላነሽን ምጥ ሲይዛት ከኋላዬ አስቀምጬ ሐኪም ቤት ያደረስኳት በእሱ ነው። እሷ በ2010 ዓ.ም. አረፈች። በዓመቱ አንድ ቀን ከብስክሌቱ ስለወደቅኩ፣ አዳማ የሚኖረው ልጄ ደረጀ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት ሸጠው። ለማን እንደሸጠው አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ነው የምሄደው፤ ቀኑም አያልቅልኝም።

ትናንት ከቀኑ 6፡30 ገደማ በርበሬ ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ስሄድ ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ ዐብዱሰላም ሱቅ በር ላይ ብስክሌቴን ቆሞ አየሁት። መቀመጫውን በእጄ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ አልተሳሳትኩም። አቶ ዐብዱሰላም ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄደው ነበር። ሱቁን የሚጠብቀው ሙክታር ሲሆን፣ ድሮ ስነዳው ያውቀኛል። «ትንሽ ልንዳው» አልኩት። ጉልበቴ እንደሚያመኝ ስላየ እስክወጣ ድረስ መሪውን ይዞ ደገፈኝ።

በሸዋ በር ወጥቼ አስፋልቱን ያዝኩ። መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም። ቤቴ አስገብቼ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁት፣ እራቴንም አጠገቡ ተቀምጬ በላሁ። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ ስነግረው ራሴን ሰማሁት።

ዛሬ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዐይሻ ሙክታር በሌብነት ታስሮ እንዳደረ ነገረችኝ። ወዲያውኑ ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ጣቢያው መጣሁ።

አቶ ዐብዱሰላም ተጠርተው መጡና ብስክሌቱን ተረከቡ። «ቢነግሩኝ እኮ እከለክልዎት ነበር?» አሉኝ።

ሙክታርን ከታሰረበት ሲያወጡት፣ እኔ መውሰዴን እያወቀ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅኩት።

«ጋሼ እንደሻው፣ እኔ እናትም እህትም አለኝ። እራት አምጥተውልኛል፣ ቁርስም አምጥተውልኛል» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎ ቢታሰሩ ማን ስንቅ ያመጣልዎታል ብዬ ነው» አለ።

ይህም የሙክታር ቃል ከፊርማዬ በፊት እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት፣ ያልሆነ ነገር ያልጨመርኩበት፣ የሆነውንም ያልደበቅኩበት እውነተኛ ቃሌ ስለመሆኑ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________ እንደሻው ለገሠ
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________ ረ/ሳጅን ኑሰይባ ሙሜ